የጋሼ ወንድይፍራው ታፔላዎች

ከሥራ ስመለስ ከእናቴ ፊት አስቀድሜ የማየው ግድግዳውን ነው። "ደህና ዋልሽ?" ስትለኝ አፌ "አልሐምዱሊላህ" ይላል፣ ዓይኔ ግን ዛሬ ደግሞ የቱን አንስተውት ይሆን እያለ ሳሎኑን ይዞራል። ያን ቀን የተነሳው የሻይ ቤቱ ታፔላ ነበር። በቦታው ሁለት ሚስማርና ከሌላው ግድግዳ ነጣ ያለ አራት ማዕዘን ብቻ ቀርቷል።

"እማዬ፣ የት ሄደ?"

"ምኑ?"

"ሻይ ቤቱ።"

"እ! እሱንማ የውሃውን በርሜል ከደንኩበት። ክዳኑን ወንድምሽ ባጃጅ ነዳበት። ላሜራ አይደል እንዴ? ውሃ ምን ያደርገዋል?"

ወደ ጓሮ ወጣሁ። ታፔላው በርሜሉ ላይ በፊቱ ተደፍቷል። የተሳለው ብርጭቆና ከብርጭቆው የሚወጣው እንፋሎት ወደ ውሃው ዞሯል። ከጀርባው ደግሞ ነፋስ እንዳይወስደው ድንጋይ ተጭኖበታል። አንስቼ በሻርፔ ጫፍ ጠረግሁት። መናገር የነበረብኝ ነገር ብዙ ነበር። "ሁለተኛ እንዳትነኩብኝ" ማለት እችል ነበር። ያልኩት ግን፣ "ለበርሜሉ ሌላ ክዳን እፈልጋለሁ" ነው።

"ጎሽ፣ የኔ ልጅ" አለች እናቴ።

እኛ ቤት ነገር የሚያልቀው እንዲህ ነው።

በቤታችን አሥራ ስድስት ታፔላ ተሰቅሏል። ሁሉም ሸዋሮቢት፣ ጀውሃና አጣዬ ውስጥ የሱቅ፣ የሻይ ቤት፣ የፀጉር ቤት በር ላይ የነበሩ፣ በእጅ የተሳሉ ናቸው። ባነር ማተሚያ ከመጣ ወዲህ ባለሱቆቹ አንድ በአንድ እያወረዱ ለቆራሌው ሰጧቸው፤ እኔ ደግሞ ከቆራሌው ገዛኋቸው። ደብረ ብርሃን ትምህርቴን ጨርሼ ከተማችን ሸዋሮቢት ውስጥ አንድ መሥሪያ ቤት፣ መዝገብ ክፍል ከተቀጠርኩ ጀምሮ አራት ዓመት ሙሉ ስሰበስብ ነበር።

መጀመሪያ ላይ ለምን እንደምሰበስባቸው ራሴም አላውቅም ነበር። አንድ ቀን አምስቱን አልጋዬ ላይ ደርድሬ ሳያቸው የአንድ ሰው እጅ መሆናቸው ገባኝ። ፊደሉ ሁሉ ከሥሩ ቀይ ጥላ አለው። ከሻይና ከምግብ የሚወጣው እንፋሎት ሁልጊዜ ሦስት መስመር ነው። በሬው ሽፋሽፍት አለው። ሥጋ ቤት በር ላይ ለሚቆም በሬ ሽፋሽፍት ምን እንደሚያደርግለት እንጃ፤ ግን አለው፣ ያውም ረጃጅም። ከታች፣ አንዳንዴ በቀኝ፣ አንዳንዴ በግራ፣ ጤፍ በምታክል ነጭ ጽሕፈት "ወንድይፍራው" ይላል። ከዚያ ወዲያ ሌላ ሰው የሳለውን ገዝቼ አላውቅም።

ከመሰብሰቡ ይልቅ የከበደኝ ቦታ ማግኘቱ ነው። ቤቱ የእናቴ ነው፣ ግድግዳውም የእናቴ። ፊት ያለበት ሥዕል እሷ የምትሰግድበት ክፍልም፣ እንግዳ የሚሰግድበት ሳሎንም አይገባም አለች። ይህን ያለ ክርክር ተቀበልኩ። ስለዚህ ፊደልና ዕቃ ያለባቸው ሳሎን፣ ሌሎቹ ኮሪደር፣ የፀጉር ቤቱ ታፔላ ደግሞ ከነአራቱ ጎፈሬያም ወንዶቹ በረንዳ ወጣ። ታናሽ ወንድሜ ሱፍዋን ባጃጅ ነጂ ነው። በነጋታው ጓደኞቹን ይዞ መጣና በረንዳው ላይ ደርድሮ አስቀመጣቸው።

"ተራችሁን ጠብቁ" አላቸው። "እህቴ ናት የምትቆርጠው። ጺም በነፃ ነው።"

"ዝም ብላ ነው የምትቆርጠው ወይስ ታወራለች?" አለ አንዱ።

"ዝም ብላ። ጆሮህን ብትቆርጠው እንኳ ይቅርታ ለማለት ታፍራለች።"

እነሱ ሲስቁ እኔ ከመስኮቱ ውስጥ ቆሜ ነበር። ሳቁ ከፍቶኝ አልነበረም፤ ከሥዕሉ ይልቅ እኔ መታየቴ ነው ያናደደኝ።

ሥጋ ቤቱን ማድ ቤቱ በር ላይ ሰቀልኩት። ከበሬው ራስ በላይ ትንሽ መስቀል አለች፤ ታፔላው የክርስቲያን ሥጋ ቤት ነበር። እኔ ሽፋሽፍቱን እያየሁ መስቀሏን ልብ አላልኩም። አክስቴ ሰሊማ ከአሊዩ አምባ የመጣች ቀን ግን ያየችው መስቀሏን ነው። ምሳ ቀርቦ እጇን ሰበሰበች።

"ምነው ሰሊማ፣ ብዪ እንጂ" አለች እናቴ።

"ጾመኛ ነኝ።"

"አሁን ውሃ ጠጥተሽ?"

አክስቴ በአገጯ ወደ ማድ ቤቱ በር አመለከተች። "ሥጋውን ከየት እንደምትገዙ በራችሁ ላይ ሰቅላችሁ፣ ብዪ ትሉኛላችሁ?"

እናቴ ሥጋው ከሙሳ ሥጋ ቤት እንደመጣ፣ ቢስሚላህ ተብሎ እንደታረደ በወላሂ ብትምልም፣ አክስቴ እንቁላል ተጠብሶላት በላች። አመሻሹ ላይ በሬውን ጓሮ፣ ዶሮ ቤቱ ላይ ተደግፎ አገኘሁት። ኮሪደሩ መጨረሻ ወስጄ፣ መስቀሏንም በሬውንም ብዙ ሰው የማያይበት ቦታ አስቀመጥኩት።

ከዚያ ደግሞ የምግብ ቤቱ ተራ ሆነ። ቤታችን ከአስፋልቱ ሁለት ቤት ገባ ያለ ነው። በረንዳው ላይ "ትኩስ ምግብ አለ" የሚል ታፔላ በሰቀልኩ በሳምንቱ፣ አንድ የተሳቢ ሾፌርና ረዳቱ ገብተው ወንበር ስበው ተቀመጡ። "እትዬ፣ ዛሬ ምን አለ?" አሉ። እናቴ እንግዳ መመለስ አታውቅም፤ ለራት ያሰበችውን ሽሮ አቀረበችላቸው። በልተው መርቀው ሲሄዱ ወደ እኔ ዞረች።

"ዛሬ ሁለት ናቸው። ነገ እስከ ጀውሃ ድረስ የተሳቢ ሰልፍ ቢመጣ ማን ሊያበላ ነው?"

ታፔላው ወደ ግድግዳው ዞሮ ዋለ። እኔ ወደ ፊት አዞርኩት። እሷ መለሰችው። እንዲህ አንድ ሳምንት ሙሉ፣ ሁለታችንም ስለሱ አንድ ቃል ሳንተነፍስ፣ ጠዋትና ማታ ስናዞረው ከረምን።

እያንዳንዱ ነገር ትንሽ ነው። ሰው የሚያስቀይሙበት ነገር አይደለም። ግን ጠዋት አስተካክዬው የወጣሁትን ማታ ሁልጊዜ ተዘበራርቆ አገኘዋለሁ። ሳሎን ያለውን የግድግዳ ሰዓት ማንም አያነሳውም። የአባቴን የተንሻፈፈ ካፖርት መስቀያ፣ አባቴ ከሞተ ስድስት ዓመት ቢሆነውም፣ ማንም አያነሳውም። የእኔ ብቻ ነው ላሜራ የሆነው።

አንዱን ግን አይነኩትም ነበር። የአጣዬ ልብስ ሰፊ ታፔላ ነው። ቀይ የስፌት መኪና፣ አጠገቡ ሰማያዊ ቀሚስ፣ ከላይ "ከበቡሽ ልብስ ስፌት" ይላል። ከቀሚሱ ወገብ ጀምሮ ያለው ቀኝ ጎን ቀለሙ በእሳት ተነፋፍቶ ጠቁሯል። በ2013 አጣዬ ስትቃጠል የተረፈ ነው። ቆራሌው ሲሰጠኝ ሚዛን ላይ እንኳ አላወጣውም። ሳሎን ውስጥ፣ ከበሩ ፊት ለፊት፣ ብቻውን ሰቀልኩት። እናቴ የመጀመሪያው ቀን ቆማ ስታየው ቆየችና፣ "እሱ እዚያው ይሁን" አለች። አቧራውን የምትጠርገው ራሷ ናት።

እንግዲህ ያሰብኩት ይህን ነበር፦ ጋሼ ወንድይፍራው ራሳቸው መጥተው፣ አሥራ ስድስቱንም በአንድ ቤት ውስጥ ቢያዩ፣ እናቴና ሱፍዋንም አብረዋቸው ያዩ ነበር። ሠዓሊው ቆሞ ያየውን ነገር ማን የበርሜል ክዳን ያደርገዋል? ከዚያ በኋላ እኔ ምንም መናገር አያስፈልገኝም።

ጋሼ ወንድይፍራው የሚኖሩት ከሮቢ ድልድይ ማዶ ነው። የታፔላ ሥራ ከቀረ ወዲህ የሽንኩርት ችግኝ ያፈላሉ። ሦስት ቀን በደጃቸው አለፍኩ፤ ሦስቱንም ቀን እንደ መንገደኛ ቀጥ ብዬ ሄድኩ። በአራተኛው ቀን ደጅ ላይ ችግኝ ሲያጠጡ ደረስኩና ቆምኩ።

"ችግኝ ፈልገሽ ነው?" አሉኝ።

"አይ… የአንቱ ታፔላዎች እኛ ቤት አሉ። አሥራ ስድስት ናቸው። መጥተው ቢያዩአቸው ብዬ ነው።"

ውሃ ማጠጫውን መሬት አስቀመጡ። "አሥራ ስድስት? የማን ልጅ ነሽ?"

"የኢልያስ። እናቴ ከዲጃ ትባላለች።"

"ነፍስ ይማር። ሁኔታቸው እንዴት ነው?"

"አንዳንዶቹ ደብዝዘዋል።"

"ይደበዝዛሉ እንግዲህ፤ ከዚህ አገር ፀሐይ ምን ይተርፋል። ቅዳሜ እመጣለሁ።"

በደስታ ነው ወደ ቤቴ የሄድኩት። ከዚያ በላይ ማስረዳት ነበረብኝ፤ አፍሬ አጭር አደረግሁት። ጋሼ ወንድይፍራው የታፔላ ሥራ ሳለ በየዓመቱ ጳጉሜን ላይ ከአጣዬ እስከ ሸዋሮቢት ዞረው የሳሉትን ሁሉ ያያሉ፤ የደበዘዘውን ያድሳሉ። አንዴ የሳሉትን ማደስ የሥራቸው ደንብ ነበር። እኔ እዚህ ተወልጄ ያደግሁ ሰው፣ ይህን ከልጅነቴ ጀምሮ ሳይ የኖርኩ ሰው፣ ደብዝዘዋል ብያቸው ተመለስኩ።

ቅዳሜ ጠዋት ሁሉንም አስተካከልኩ። ምግብ ቤቱን ወደ ፊት አዞርኩ፣ ሻይ ቤቱን ሳሎን መለስኩ። እናቴ ክርስቲያን እንግዳ መሆናቸውን አስባ ምስር ወጥና ድንች ሠራች። ሦስት ሰዓት ገደማ በሩ ተንኳኳ። ጋሼ ወንድይፍራው ቀለም የነካካው ካፖርት ለብሰዋል። በአንድ እጃቸው የእንጨት ሳጥን፣ በሌላው ደግሞ የቀለም ጣሳ የሞላ ማዳበሪያ ይዘዋል። ከሌላ ሥራ መጥተው ይሆናል ብዬ አሰብኩ።

በረንዳው ላይ ቆመው የፀጉር ቤቱን አራት ወንዶች አዩ። ምግብ ቤቱን አዩ። ባርኔጣቸውን አወለቁ።

"እነዚህን እዚህ ያወጣቸው ማነው?"

"እኔ ነኝ።"

"ሰው እንዲያያቸው?"

"አዎ።"

"እንዲህ እንዳሉ?"

"አዎ፣ ጋሼ።"

"አይ ልጄ። አዋረድሽኝ።"

ቁጣ አልነበረውም፤ ዛሬ ይሞቃል እንደሚል ሰው ነው ያሉት። ከዚያ ሳጥኑን ከፈቱና ብሩሽ፣ የቀለም ማቅጠኛ አኳራጅ፣ ብርጭቆ ወረቀት እያወጡ መሬት ላይ ደረደሩ።

"እሰይ፣ አላህ ይስጥልን!" አለች እናቴ ከጓዳ ወጥታ። "ሊታደሱ ነው? ወላሂ፣ ንጹህ ቢሆኑማ ያምራሉ እኮ።"

"ጋሼ፣ ይሄን ሰውዬ ይዩልኝ" አለ ሱፍዋን የፀጉር ቤቱን ሦስተኛ ወንድ እያሳየ። "ጎፈሬው ተላልጦ መላጣ ሆኗል። ደንበኛ እየሸሸብን ነው።"

"እሱ የጥንት ደንበኛዬ ነው" አሉ እሳቸው እየሳቁ። "በ1998 ነው የሳልኩት። ልጅነቱን እመልስለታለሁ።"

ሁሉም ሳቁ። ብርጭቆ ወረቀቱ ላሜራው ላይ መፋቅ ጀመረ። ድምፁ ጥርሴ ውስጥ ገባ።

"ጋሼ…" አልኩ።

"አቤት።"

"ውሃ ላምጣልዎት?"

"አምጪልኝ፣ የኔ ልጅ።"

አመጣሁ። ብርጭቆውን ስቀበላቸው የሰውዬው የደበዘዘ ጎፈሬ ጠፍቶ ነበር። ፀሐይና አቧራ ሃያ ዓመት ለፍተው ያመጡት ቡናማ፣ ነሐስ የመሰለው ቀለም፣ መሬት ላይ ዱቄት ሆኖ ወድቋል። በላዩ ላይ ጥቁር ተቀባ፤ እንደ አዲስ ጎማ የሚያበራ ጥቁር።

አራቱን ወንዶች ጨርሰው ምግብ ቤቱን ያዙ። "ጋሼ" አልኩ እንደገና። ቀና አሉ። ውስጤ ያዘጋጀሁት ዓረፍተ ነገር ነበር፦ እኔ የምወዳቸው እንዳሉ ነው፣ ይተዉልኝ። አጭር ነው፣ ጨዋ ነው፣ ማንንም አይሰድብም። አፌ ላይ ሲደርስ እጃቸውን አየሁ። ለብዙ ጊዜ ያጣውን ነገር እንዳገኘ ሰው ብሩሹን ይዘውታል። ስንት ዓመት ሙሉ ማንም ያልጠራውን ሰው ጠርቼ፣ ተወው ልበለው?

"ምነው?" አሉ።

"ውሃው አልበቃ እንደሆነ ብዬ ነው።"

"ገና ነው እኮ ያመጣሽልኝ!"

"ታጠጣዎታለች፣ ጋሼ" አለ ሱፍዋን። "ችግኝ መስለዋት ነው።"

ሱፍዋን ሻይ ቤቱን ራሱ ከሳሎን አውርዶ አመጣው። ሦስተኛው ነበር። ሰማያዊው ታጥቦ ታጥቦ ከሰማይ ዳር ጋር የሚመሳሰል ሆኖ ነበር፤ አዲሱ ሰማያዊ የፕላስቲክ ወንበር ሰማያዊ ነው። ከሁሉ የሚያናድደኝ ግን ሥራው ማማሩ ነው። ሦስቱን የእንፋሎት መስመሮች በሦስት እስትንፋስ፣ አንድም ሳያርሙ ጎተቷቸው። አበላሹት ብዬ ልናደድ እንኳ አልቻልኩም። በመጨረሻ ቀጭን ብሩሽ አንስተው ከታች ስማቸውን በነጭ ጻፉ፤ ትንሽ ራቅ ብለው አዩትና ለራሳቸው ራሳቸውን ነቀነቁ።

እናቴ ለምሳ ጠራቻቸው። እጃቸውን በአኳራጅ፣ ቀጥሎ በሳሙና ታጥበው ሳሎን ገቡ። ሊቀመጡ ሲሉ ከፊት ለፊታቸው ያለውን አዩና ሳይቀመጡ ቀሩ።

"የከበቡሽ" አሉ።

ወደ ግድግዳው ጠጋ ብለው የተነፋፋውን ቀለም በአውራ ጣታቸው ነካ አደረጉት።

"እኔ ቀሚሱን አረንጓዴ ልበለው ብዬ ነበር። እሷ ናት ሰማያዊ ያለችኝ። ሁለት ቀን ተጨቃጨቅን።" እጃቸውን አወረዱ። "አሁን ደብረ ብርሃን ናት ይላሉ። … ሱፍዋን፣ አውርደው። ከዚህ ነበር መጀመር የነበረብኝ።"

ሱፍዋን ወንበር ሳበ።

"ተወው!" አልኩ።

ካሰብኩት በላይ ጮኾ ወጣ። ሱፍዋን አንድ እግሩ ወንበሩ ላይ እንዳለ ቀረ።

"ይህን አይንኩት፣ ጋሼ።"

"አንቺ!" አለች እናቴ። "ምሳ የቀረበለትን ሰው?"

"ይተዉአት፣ እትዬ ከዲጃ" አሉ እሳቸው። ወደ እኔ ዞሩ። "ለምን?"

ያዘጋጀሁት ዓረፍተ ነገር የለም። "እንዲህ እንዳለ ነው የተረፈው" አልኩ።

"እኔ ግን እንዲህ አድርጌ አልሳልኩትም። እኔ የሳልኩት ሙሉ ቀሚስ ነው።"

"አውቃለሁ።"

"ሰው መጥቶ ይህን ያያል። ማነው የሳለው ይላል። ከታች ያነባል። ግማሽ ቀሚስ፣ ወንድይፍራው።"

"ከታደሰ እኮ እሳቱ አይታይም፣ ጋሼ።"

"እኔስ ምን አልኩሽ? እንዳይታይ ነው።"

እናቴ ቀሚሱን አየች፣ እኔን አየች። እንደሌላው ጊዜ ጎሽም፣ ተይም አላለችም። "ምሳው ይቅደም፣ ጋሼ" ብቻ አለች።

እሳቸው አልተቀመጡም። "የውጭዎቹስ?" አሉኝ። "እነሱን ማደሴን ፈልገሽ ነበር?"

"አልፈለግሁም።"

"ሦስቱንም?"

"ሦስቱንም።"

"ኧረ ኑርሃን!" አለ ሱፍዋን።

"ታዲያ አፍ የለሽም?" ጋሼ ወንድይፍራው ድምፃቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ከፍ አለ። "ከጠዋት ጀምሮ አጠገቤ ቆመሽ! ስንት ጊዜ ውሃ ስታመላልሺ በአንዱ አትናገሪም? እንዲያዩአቸው ብቻ ነው የፈለግሁት አትዪኝም? ሽማግሌ ሰው ሲለፋ እያየሽ፣ ዝም?"

ልክ ነበሩ። ዝም ባልኩ ቁጥር የሦስት ሰው ሥራ ነው ያበላሸሁት፤ የፀሐይን፣ የእሳቸውን፣ የራሴን።

ቁጣቸው ቶሎ በረደ። ካፖርታቸውን አስተካከሉ።

"እንግዲህ ስሚ። የተበላሸ ሥራ ላይ ስሜ አይቀመጥም። ደንቤ ነው። ወይ የቀሩትን አድሳቸዋለሁ፣ ወይ ስሜን ከላያቸው አነሳለሁ። ንብረቱ ያንቺ ነው፣ ምረጪ።"

ያ ስም ነው እኮ እየለየሁ ያስገዛኝ። ለእሱ ነው ቆራሌ ስከተል፣ የማላውቀው ሰው ፊት ቆሜ "ሌላ አለ?" ስል የኖርኩት። ከበሩ ውጭ አዲስ ጎማ የመሰለው ጎፈሬ በፀሐይ ያብለጨልጫል።

"ያንሱት" አልኩ።

ምሳው ተከድኖ ቀረ። ጣሳ ክዳን ላይ ቀለም እያዋሃዱ ከከበቡሽ ታፔላ ጀመሩ። ስማቸው ከስፌት መኪናው በታች፣ እሳት ባልነካው በኩል ነበር። ሙሉ ሰማያዊ አልተጠቀሙም፤ ግራጫ ጨመሩበት፣ ትንሽ ቢጫ፣ ትንሽ ቆሻሻ የመሰለ ነገር፤ የደበዘዘውን ቀለም ራሱን እስኪመስል። በሁለት ጭረት ስሙ ጠፋ። የጠፋበትን ቦታ እያወቅሁት እንኳ ዓይኔ ሊያገኘው አልቻለም። ከጠዋት ጀምሮ የሠሩት ምርጥ ሥራ እሱ ነበር ብዬ አሰብኩ፤ ማንም አያየውም እንጂ።

ጣሳውን የያዝኩላቸው እኔ ነኝ። ከሳሎን ወደ ማድ ቤት፣ ከማድ ቤት ወደ ኮሪደር፣ አንድ በአንድ ሄድን። ስማቸውን የት እንደጻፉ ሁሉንም ያስታውሳሉ፤ ገና ከሩቅ እያዩ ጎንበስ ይላሉ። የጫማ ጠጋኙ፣ የወፍጮ ቤቱ፣ የሰዓት ሠሪው ስም አልባ ሆኑ። እናቴ በየበሩ ቆማ ታየናለች። ከኮሪደሩ መጨረሻ በሬው ጋ ደረስን።

"ጋሼ፣ ሽፋሽፍቱ ለምንድን ነው?" አልኩ። ለምን ያን ጊዜ እንደጠየቅሁ አላውቅም፤ ሌላ ጊዜ እንደማላገኝ ተሰምቶኝ ይሆናል።

"ላም አስመጥቼ እያየሁ ነው የሳልኩት፤ በሬ አልቆም ብሎኝ" አሉ ከብሩሹ ዓይናቸውን ሳያነሱ። "ኋላ ቀንዱን አስረዘምኩት፣ ሻኛ ጨመርኩለት። ሽፋሽፍቱን ማንሳት ረሳሁ። ባለሥጋ ቤቱም አላየው።"

ሱፍዋን ከኋላችን ሳቀ። እሳቸው አልሳቁም። ስሙን ሸፈኑት።

የቀረው አንድ ነበር፤ የእኔ መኝታ ክፍል ያለው። ደፍ ላይ ቆሙ።

"የሴት ልጅ ክፍል ነው። ወደዚህ አምጪልኝ።"

"በአራት ሚስማር ነው የተመታው፣ ጋሼ። አይወርድም።"

"ይግቡ" አለች እናቴ ከኋላ። "ልጅዎ ናት።"

ገቡ። ሙቀት እንዳይገባ መስኮቱ ተዘግቷል፤ ክፍሉ ደብዘዝ ያለ ነው። ታፔላው ከበሩ ጀርባ ነው፤ ትንሽ፣ ክንድ የማይሞላ። ጀውሃ መንገድ ዳር እንቁላል ትሸጥ የነበረች ሴት ናት ያሳለችው። አንዲት ቀይ ዶሮ፣ ሣር ላይ ቆማ፣ ከፊቷ ሦስት እንቁላል። እሳቸው ጎንበስ አሉ። በስተቀኝ ፈለጉ። በስተግራ ፈለጉ። ከእንቁላሎቹ ሥር በጣታቸው እየዳሰሱ ሄዱ።

"ይችን አላስታውሳትም" አሉ። "መነጽሬን አልያዝኩም። የቱ ጋ ነው ያለው?"

እኔ አውቃለሁ። ከዶሮዋ ሁለት እግሮች መሐል፣ ሣሩ ውስጥ፣ ከሣሩ ጋር በሚመሳሰል አረንጓዴ ነው የተጻፈው። እኔም ያገኘሁት በገዛኋት በወሩ ነው፣ አልጋዬ ላይ ተኝቼ ሳያት። ብሩሹ አየር ላይ ቆሞ ይጠብቃል። ጣሳውን በሁለት እጄ አጥብቄ ያዝኩት።

"በዚህችኛዋ ላይ የለም፣ ጋሼ።"

"የለም?"

"የለም።"

ቀና ብለው አዩኝ፤ ከዚያ ዶሮዋን አዩ፤ ለረጅም ጊዜ አዩዋት። ብሩሹን በጨርቅ ጠረጉት።

"ረስቼው ይሆናላ" አሉና ወደ በሩ ዞሩ። "እትዬ ከዲጃ፣ ምሳው ቀዝቅዞ ይሆን?"